ሜዳው ሲፈርስ ያልፈረሰ መጽሔት፦ የ«ሞተር ስፖርት» ታሪክ

በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ በብሪታንያ የመኪና ወዳጅ የሆነ ሰው ገንዘብ ቢኖረውም መንገድ አልነበረውም። በ1903 የወጣው የተሽከርካሪ ሕግ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሕዝብ መንገድ ላይ በሰዓት ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳትን በመከልከሉ፣ ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች አውራ ጎዳናዎቻቸውን ዘግተው እሽቅድምድም ሲያካሂዱ የብሪታንያ አምራቾች ግን የሠሩትን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ የሚፈትሹበት ቀጥ ያለ መንገድ እንኳ በአገራቸው ማግኘት አልቻሉም። ይህን ጉድለት የተገነዘበው ሂዩ ሎክ ኪንግ የተባለ ባለርስት ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በሰሪ አውራጃ በዌይብሪጅ አጠገብ በነበረው ርስቱ ላይ በራሱ ወጪ የኮንክሪት መሮጫ አሠርቶ በ1907 ከፈተ። ብሩክላንድስ የተባለው ይህ ሜዳ ለመኪና እሽቅድምድም ተብለው ከተሠሩት ሜዳዎች ቀደምቱ ሲሆን፣ ዙሪያው 4.4 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 30 ሜትር ያህል ነበር፤ መኪኖች ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ እንዲዞሩ ሲባልም በጥምዞቹ ላይ ንጣፉ ወደ ውጭው ጠርዝ እየተነሣ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ግድግዳ ዘንበል ብሎ እስከ 9 ሜትር ከፍታ ይደርስ ነበር።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሜዳው በ1920 እንደገና ሲከፈት በዙሪያው የተሰበሰበው ኅብረተሰብ የራሱ ልማድና የራሱ ጀግኖች ያሉት፣ የራሱም ቋንቋ ያለው ሆኖ ነበር። ባለሙያ መካኒኮች በሜዳው ዳር በቆሙ ጠባብ ጋራዦች ውስጥ ሌሊቱን ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ያድራሉ፤ ባለጠጎች የአውሮፕላን ሞተር የተገጠመላቸውን ግዙፍ መኪኖች ይዘው ይመጣሉ፤ አቅም የሌላቸው ወጣቶች ደግሞ ያረጀ መኪናቸውን አቅልለው፣ አካሉን ገፍፈው፣ በሚችሉት ሁሉ ይወዳደራሉ። የአካባቢው ነዋሪዎች ጩኸቱ ስላስመረራቸው በ1924 ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት በመውሰዳቸው፣ በሜዳው ላይ የሚሮጥ መኪና ሁሉ የሞተሩን ድምፅ የሚያፍን ትልቅ ማርሚታ እንዲያስገጥም ግዴታ ተጣለበት። የዚህን ሕዝብ ነገር የሚከታተል መጽሔት መታተም የጀመረው በዚያው በ1924 በጋ ሲሆን፣ ስሙም ከሜዳው የተወሰደ «ብሩክላንድስ ጋዜት» ነበር።

በዚያ ዘመን የመኪና መጽሔት ብርቅ አልነበረም። «ዘ ኦቶካር» ከ1895 ጀምሮ፣ «ዘ ሞተር» ደግሞ ከ1903 ጀምሮ በየሳምንቱ ይወጡ ነበር፤ ይሁን እንጂ የእነዚህ ሳምንታዊ መጽሔቶች አንባቢ በዋነኛነት መኪና ለመግዛት የሚያስብ ወይም የገዛውን መኪና በወጉ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ስለነበር፣ ስለ ግብር፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ አዳዲስ ሞዴሎችና ስለ ጉዞ መስመሮች የሚጻፈው ሰፊውን ገጽ ይይዝ ነበር። አዲሱ ወርኃዊ መጽሔት ግን መኪናን ከመጓጓዣነቱ ይልቅ በስፖርትነቱ ብቻ የሚመለከት ሰው መኖሩን አምኖ የተነሣ ነው። በአንድ ሜዳ ስም መጠራቱ ወሰኑን እንደሚያጠብበት የተረዱት አሳታሚዎቹ በ1925 ስሙን «ሞተር ስፖርት» ብለው ለወጡት፤ የኮረብታ ላይ ሽቅብ ውድድሮችን፣ የክለቦችን የጽናት ፈተናዎችና የባሕር ማዶ ግራንድ ፕሪዎችንም ማካተት ጀመሩ። መጽሔቱ ስሙን ቢለውጥም በተወለደበት ሜዳ ላይ የነበረው ፍቅር ሳይጠፋ ቆየ፤ ኋላ ላይ ያበረታውም ያሳሳተውም ይኸው ፍቅር ነው።

በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት መጽሔቱ ጥሩ ቢሆንም የተለየ አልነበረም። የተለየ ያደረገው ሰው የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው በ1930 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 17 ዓመት ነበር። ዊልያም ቦዲ የተባለው ይህ ልጅ የመረጠው ርእስ የብሩክላንድስን ታሪክ ነበር። ገና 23 ዓመት ያልሞላውን ሜዳ እንደ ታሪካዊ ቅርስ አድርጎ፣ ማን በየትኛው ዓመት በየትኛው መኪና ስንት ዙር እንደሮጠ መዝግቦ መጻፉ የሰውየውን የዕድሜ ልክ ጠባይ አስቀድሞ የሚያሳይ ነው፤ ለቦዲ ትናንት የተደረገ ውድድርም ቢሆን ካልተመዘገበ የሚጠፋ፣ ሲጠፋም የሚያስቆጭ ነገር ነበር። በ1936 መጽሔቱ በገንዘብ ችግር ሊዘጋ ተቃርቦ ወደ አዲስ ባለቤት እጅ ሲገባ የዝግጅቱን ሥራ የተረከበው ይኸው የ23 ዓመት ወጣት ነው። ከዚያ በኋላ ቦታውን ለቆ የሄደው በ1991 ነው፤ ይኸውም 55 ዓመት ማለት ነው።

ቦዲ ሥራውን በተረከበበት ዘመን የብሪታንያ የመኪና ኢንዱስትሪ መልኩን እየለወጠ ነበር። ፋብሪካዎች በብዛትና በርካሽ ማምረት ስለጀመሩ አዲሱ መኪና ምቹ፣ የተሸፈነና ለቤተሰብ የሚሆን ሲሆን፣ መሪው ግን እንደ ቀድሞው ለእጅ አይታዘዝም፣ አካሉም ለሞተሩ የከበደ ነበር። ስለዚህ ጥቂት ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ኪሳቸው ባዶ የነበሩ፣ ከአሥር ዓመት በፊት በጥንቃቄ የተሠራ አሮጌ የስፖርት መኪና ከአዲስ ርካሽ መኪና ይሻላል ብለው በ1934 የቪንቴጅ ስፖርት መኪኖች ክለብን መሠረቱ። «ቪንቴጅ» የሚለውን ቃል የወሰዱት ከወይን ጠጅ ጠማቂዎች ነው፤ በመጀመሪያው ትርጉሙ ወይኑ የተለቀመበትን ዓመት የሚያመለክት ሲሆን፣ በእነርሱ አጠቃቀም ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ እስከ 1930 መጨረሻ የተሠራን መኪና ያመለክታል። «ሞተር ስፖርት» የዚህ አስተሳሰብ ዋነኛ መድረክ ሆነ። የአሮጌ መኪና ፍቅር ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሙዚየምና ጨረታ፣ ክለብና ዓመታዊ ሰልፍ ያለው ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ አሮጌ መኪና ማለት ከቆሻሻ ብረት ሻጭ በጥቂት ፖውንድ የሚገዛ ዕቃ እንደነበረ ለመረዳት ያስቸግር ይሆናል፤ ያንን ዕቃ ክብር ካጎናጸፉት መካከል ይህ መጽሔት ከፊተኞቹ ይቆጠራል።

መጽሔቱ ወሬ ከማቀበል አልፎ ሰው የሚያገናኝ ለመሆኑ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የ1939ኙ ነገር ነው። ኦስቲን 7 የተባለችው፣ ከ1922 ጀምሮ የተሠራችው ባለ 747 ሲሲ ሞተር ትንሽ መኪና ርካሽ፣ ቀላልና ማንም በጓሮው ሊፈታት የሚችል ስለነበረች የድሃ ወጣቶች መማሪያ ሆና ነበር። በመጽሔቱ ገጾች ላይ ስለዚህች መኪና ከተጻፈውና ከአንባቢዎች ከመጣው ምላሽ ተነሥቶ፣ በቦዲ አነሣሽነት 750 ክለብ የተባለው ማኅበር ተቋቋመ። ከጦርነቱ በኋላ ይህ ማኅበር በዚችው መኪና ላይ የተመሠረተ ርካሽ የውድድር ደንብ አውጥቶ፣ ገንዘብ የሌላቸው መሐንዲሶች የፈጠራ ችሎታቸውን የሚፈትኑበት ሜዳ ከፈተላቸው፤ ሎተስን የመሠረተው ኮሊን ቻፕማንም በ1948 የመጀመሪያ መኪናውን የሠራው ከኦስቲን 7 ላይ ነበር። በኋላ ብሪታንያ በፎርሙላ 1 የውድድር መኪና ሥራ ዓለምን የመራችበትን ምክንያት የሚመረምር ሰው ከትላልቅ ፋብሪካዎች ይልቅ ወደ እነዚህ ጓሮዎችና ወደ አንባቢዎች ደብዳቤ ገጽ ቢመለከት ይሻላል።

በ1939 ሴፕቴምበር ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ብሩክላንድስ ተዘጋ። በሜዳው ቅጥር ውስጥ ቀድሞውንም የቪከርስና የሆከር የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ስለነበሩ፣ መንግሥት ለጦር አውሮፕላን ሥራ ሲል ስፍራውን በሙሉ ያዘው፤ ከአየር እንዳይታይም በኮንክሪቱ ላይ ዛፍ ተተከለ፣ ከፍ ያለው የጥምዝ ግድግዳም ተቆረጠ። መጽሔቱ ስለ ምን ይጽፋል? እሽቅድምድም የለም፤ በ1942 በጋ ደግሞ ለግል ጉዞ ይሰጥ የነበረው የቤንዚን ራሽን ጭራሽ ተቋረጠ፤ ወረቀትም በራሽን ነበር። ቦዲ ራሱ በአውሮፕላን ምርት ሚኒስቴር ሥር የአሠራር መመሪያ እንዲጽፍ ተመድቦ ስለነበር መጽሔቱን የሚያዘጋጀው ከመሥሪያ ቤት ከወጣ በኋላ በማታ ነበር። መፍትሔ ያገኘው አንባቢዎቹን ጸሐፊዎች በማድረግ ነው። «የያዝኳቸው መኪኖች» በሚል ርእስ በተከታታይ በወጣው ዓምድ፣ መኪናቸውን በጋራዥ ዘግተው ወደ ጦር ሜዳ የሄዱ መኮንኖች፣ መካኒኮችና ሐኪሞች ከጦርነቱ በፊት የነዱትን እያንዳንዱን መኪና፣ የገዙበትን ዋጋ፣ የተበላሸበትን ቦታ፣ የሸጡበትን ምክንያት ሳይቀር እየጻፉ ላኩ። ማንም ሊነዳ በማይችልበት ዘመን የመንዳትን ትዝታ መመገብ ይህን መጽሔት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ወደ አንባቢው ልብ አስገባው፤ ጦርነቱ ሲያልቅም ከመዳከም ይልቅ በርትቶ ወጣ።

የጦርነቱ ዘመን ለመጽሔቱ ሌላ ትልቅ ነገር ሰጠው። በፋርንቦሮ በነበረው የመንግሥት የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ውስጥ ዴኒስ ጄንኪንሰን የተባለ ወጣት ይሠራ ነበር፤ በ1920 የተወለደው ጄንኪንሰን ምሕንድስና የተማረ፣ በኅሊናው ምክንያት መሣሪያ አልይዝም ብሎ በሲቪል ሥራ የተመደበ ሰው ነበር። ከቦዲና በዙሪያው ከነበሩት የመኪና ወዳጆች ጋር የተዋወቀው በዚሁ ስፍራ ነው። ሁለቱ ሰዎች በብዙ ነገር አይመሳሰሉም። ቦዲ ያለፈውን የሚሰበስብ፣ ቤቱ በወረቀት የተሞላ፣ ባለትዳር ሰው ሲሆን፣ ጄንኪንሰን ደግሞ አጭር፣ ጢማም፣ ቤትና ንብረት የማያስጨንቀው፣ ኋላም ከሕዝብ መስመር ውኃም መብራትም ባልገባበት በሃምፕሸር የገጠር ጎጆ ከሞተሮቹ ጋር የኖረ ሰው ነበር። የሚያስማማቸው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለቱም በእጃቸው ያልዳሰሱትን፣ በዓይናቸውም ያላዩትን ነገር አይጽፉም።

ሰላም ሲወርድ ብሩክላንድስ አልተከፈተም። በ1946 ሜዳው ለቪከርስ ኩባንያ ሲሸጥ በቦዲ ላይ የደረሰው ሐዘን በጽሑፎቹ ሁሉ ላይ ይነበባል። ሐዘኑን ግን ወደ ሥራ ለወጠው፤ ከ1907 እስከ 1939 በሜዳው የተካሄደውን ውድድር በየዓመቱና በየዙሩ የሚተርክ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ከ1948 ጀምሮ በሦስት ቅጽ አሳተመ። በ1935 ጆን ኮብ ናፒየር ሬልተን በተባለው ግዙፍ መኪና በሰዓት 143.44 ማይል፣ ማለትም ወደ 231 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ያስመዘገበውና ከዚያ በኋላ ማንም ሊሰብረው ዕድል ያላገኘው የዙር ክብረ ወሰን እንኳ፣ ኋላ ለመጣው ትውልድ ሕያው ሆኖ የቆየው በአመዛኙ ቦዲ ሳይሰለች ስለጻፈው ነው።

ጄንኪንሰን በበኩሉ ወደ አውሮፓ አህጉር የሚሻገርበትን መንገድ ፈለገ። ገንዘብ ስላልነበረው የሳይድካር ተወዳዳሪ ሆነ፤ ሳይድካር ማለት ከሞተር ብስክሌት ጎን የሚገጠም ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ ሲሆን፣ በውድድር ላይ በእርሱ የሚሳፈረው ረዳት በእያንዳንዱ ጥምዝ ሰውነቱን ከመሬት ጋር እስኪነካካ ወደ ውጭ እየጣለ ሚዛኑን ይጠብቃል። በዚህ ሥራ ከኤሪክ ኦሊቨር ጋር ሆኖ በ1949 የመጀመሪያው የዓለም የሳይድካር ሻምፒዮና አሸናፊ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለ«ሞተር ስፖርት» የአህጉሩ ወኪል ሆኖ ሲቀጠር፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ከአንዱ ግራንድ ፕሪ ወደ ሌላው እየነዳ፣ በትናንሽ ሆቴሎች እያደረ፣ በጋራዥ ውስጥ ከመካኒኮች ጋር እየዋለ የሚጽፈው ዘገባ ከለንደን ወንበር ላይ ሆኖ ከሚጻፈው ጋር ሊወዳደር የማይችል ሆነ። ብሬክ ሲያዝ መኪናው ከኋላ ምን እንደሚያደርግ፣ የትኛው አሽከርካሪ ከየትኛው ምልክት ላይ ቤንዚን እንደሚለቅ ለማየት በጥምዞች ዳር ቆሞ ይውላል፤ ያየውንም ተወዳዳሪ ሆኖ በኖረበት ልምዱ ይረዳዋል።

የመጽሔቱን ስም ከብሪታንያ ውጭ ያስጠራው የጄንኪንሰን ጽሑፍ በ1955 የወጣው ነው። ሚሌ ሚልያ፣ ትርጉሙ «አንድ ሺህ ማይል»፣ ከሰሜን ጣሊያኗ ብሬሻ ተነሥቶ በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ተራራ ተሻግሮ ሮም ከደረሰ በኋላ በፍሎረንስና በቦሎኛ አድርጎ ወደ ብሬሻ የሚመለስ፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በተራ የሕዝብ መንገድ ላይ የሚካሄድ ውድድር ነበር። በዚህ ውድድር ጣሊያኖች ዘወትር ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ያሸንፉ የነበረው መኪናቸው ስለበለጠ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ አገራቸው ስለሆነ ከዳገቱ ማዶ መታጠፊያ ይኑር ወይም ቀጥ ያለ መንገድ ይኑር ያውቃሉ፣ እንግዳ ግን ከእያንዳንዱ ዳገት በፊት ፍጥነቱን መቀነስ ይገደዳል። ጄንኪንሰን ይህን የዕውቀት ልዩነት በወረቀት ለመሙላት ከአሜሪካዊው ተወዳዳሪ ከጆን ፊች ጋር ቀደም ብሎ ተነጋግሮበት ነበር፤ የ25 ዓመቱ ስተርሊንግ ሞስ ለመርሴዲስ ቤንዝ እንዲነዳ ተመርጦ ጄንኪንሰንን ረዳት አድርጎ ሲጋብዘው ሐሳቡ ከእርሱ ጋር ሄደ።

ሁለቱ መንገዱን ደጋግመው በመንዳት እያንዳንዱን አደገኛ ጥምዝ፣ የባቡር መሻገሪያና ጉብታ በደረጃ እየለዩ መዘገቡ፤ ጄንኪንሰንም ማስታወሻውን 5 ሜትር ተኩል ገደማ በሚረዝም ጥቅል ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ላዩ መስታወት መሰል በሆነ የአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ በውድድሩ ወቅት ጥቅሉን በእጁ እያዞረ፣ የሞተሩ ጩኸት ንግግር ስለማያሰማ፣ ከፊት ያለውን ሁሉ አስቀድመው በተስማሙባቸው የእጅ ምልክቶች ለሞስ ይነግረው ነበር። ዛሬ በራሊ ውድድር ረዳቱ ለአሽከርካሪው የሚያነብበት ማስታወሻ ከዚህ አሠራር ጋር ይመሳሰላል። ሜይ 1 ቀን 1955 ከጠዋቱ 7 ሰዓት ከ22 ደቂቃ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ22) ላይ የተነሣው 300 ኤስ ኤል አር መኪና የመነሻ ሰዓቱን 722 በሚል ቁጥር በጎኑ ይዞ ነበር። ጄንኪንሰን ያለ ደህንነት ቀበቶ በክፍት መቀመጫ ላይ ሆኖ፣ ነፋስ መነጽሩን ነጥቆት በትርፉ ተክቶ፣ ከካምቢዮው በሚወጣው ትኩሳት እየተቃጠለ፣ በቀጥተኛው መንገድ ላይ በሰዓት ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ምልክቱን ሳያቋርጥ ሰጠ። ሞስ ጥቅሉ ላይ ስለተማመነ ማዶውን ከማያየው ጉብታ ላይ በሙሉ ፍጥነት ዘልሏል። 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰኮንድ ከተጓዙ በኋላ ብሬሻ ሲደርሱ አማካይ ፍጥነታቸው በሰዓት ወደ 158 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ሁለተኛ የወጣው ታላቁ አሽከርካሪ ፋንጂዮ ከእነርሱ ግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነበር። ያን የሚበልጥ ሰዓት በዚያ ውድድር ላይ ማንም አላስመዘገበም።

በጁን ወር 1955 እትም የወጣው የጄንኪንሰን ዘገባ ከተለመደው የስፖርት ዘገባ የሚለየው፣ ጸሐፊው አንድ ጋዜጠኛ ፈጽሞ ሊደርስበት ከማይችለው ስፍራ፣ ከአሸናፊው መኪና ውስጥ፣ ሆኖ ማየቱ ብቻ አይደለም። ፍርሃቱን አይደብቅም፤ ማስመለሱን ይናገራል፤ የሞስን ችሎታ ግን በጭብጨባ ሳይሆን በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ እጁ ምን እንዳደረገ በመግለጽ ያስረዳል። የመሐንዲስ ትክክለኛነትና የተሳፋሪ ድንጋጤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ስለ መኪና ከተጻፈው ሁሉ መካከል ይህን የሚስተካከል ጽሑፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጄንኪንሰን በ1958 ባሳተመው ስለ እሽቅድምድም አሽከርካሪ ጥበብ የሚተነትን መጽሐፉ ውስጥ የሰውን ችሎታ በአሥር ክፍል ከፍሎ፣ አሥር ከአሥር ማለት አሽከርካሪው ምንም ሳያስቀር ችሎታውን በሙሉ የሚያወጣበት ብርቅ ሰዓት ነው ሲል የጻፈው ሚዛን መሠረቱ በዚያ ቀን ያየው ነገር ነው።

በዚህ ዘመን የመጽሔቱ መልክ ለአንባቢ ከሩቅ የሚታወቅ ነበር። አረንጓዴ ሽፋን፣ ደቃቅ ፊደል፣ ከዳር እስከ ዳር የተጨናነቀ ዓምድ፤ ከጽሑፎቹ ሥር ደግሞ «ደብሊው. ቢ.» ወይም «ዲ. ኤስ. ጄ.» የሚሉ የስም ምሕፃሮች ብቻ። ስማቸውን በሙሉ አለመጻፋቸው ጭምትነት ቢመስልም፣ አንባቢው ማንነታቸውን አውቆ በምሕፃሩ ብቻ ይፈልጋቸው ስለነበር ከማንኛውም ትልቅ ስም ይልቅ የሚከበር ማኅተም ሆኖ ቆይቷል። ቦዲ የሚፈትናቸውን መኪኖች የሚዳኘው በሩጫ ሰዓት መለኪያ ሳይሆን ለረጅም ርቀት አብሯቸው በመኖር ነው፤ ከዌልስ ኮረብታ ወደ ለንደን፣ ከለንደን ወደ ስኮትላንድ እየነዳ ስለ ወንበሩ፣ ስለ መሪው፣ ስለ ዕቃ ማስቀመጫው ሳይቀር ይጽፋል። ያገኘውን እንዳገኘው መናገሩ ዋጋ አስከፍሎታል። በ1950ዎቹ የጀርመኑን ቮልስዋገን ቢትል ከብሪታንያ ትናንሽ መኪኖች የተሻለ ነው ብሎ ሲያወድስ፣ ጦርነቱ ካለቀ ገና ጥቂት ዓመታት በሆነበት አገር ብዙ አንባቢዎች አገሩን እንደከዳ አድርገው ወቀሱት። ቦዲ አላፈገፈገም፤ የወቀሳውን ደብዳቤም በመጽሔቱ ላይ አተመው። ደብዳቤ ገጹ የአንባቢና የአዘጋጅ የማያቋርጥ ሙግት የሚካሄድበት ስፍራ ነበር፤ ሙግቱ ከማስታወቂያ አስነጋሪዎች ተጽዕኖ የጸዳ ስለነበር አንባቢው አመነው።

የ1965ቱ ጉዳይ የቦዲን ጠባይ በይበልጥ ያሳያል። በ1930 የወጣው ሕግ የመኪናን የፍጥነት ገደብ በብሪታንያ ካነሣ በኋላ፣ ከከተማ ውጭ ባለ መንገድ ላይ ገደብ አልነበረም፤ በ1959 የተከፈተው ኤም 1 የተባለው አዲስ አውራ ጎዳናም ያለ ገደብ የሚነዳበት ነበር። መንግሥት በዲሴምበር 1965 በሰዓት 70 ማይል፣ ማለትም 113 ኪሎ ሜትር ያህል የሚለውን ወሰን ለሙከራ ብሎ ሲያውጅና በ1967 ቋሚ ሲያደርገው፣ ቦዲ የጥሩ አሽከርካሪን ኃላፊነት ከእጁ የሚነጥቅ ውሳኔ ነው በማለት በአዘጋጁ ገጽ ላይ ከወር ወር ተቃወመው። ለእርሱ ጉዳዩ የጥቂት ደቂቃ ጊዜ ጉዳይ አልነበረም፤ ብሩክላንድስ የተሠራው በ1903ቱ ገደብ ምክንያት መሆኑን እንደ እርሱ የሚያስታውስ ሰው አልነበረምና፣ ገደቡ ተመልሶ መምጣቱ የሕይወቱን ታሪክ ወደ ኋላ የሚመልስ ሆኖ ታይቶታል።

ጄንኪንሰን የተሳሳተው ግን ከዚህ በከፋ ጉዳይ ላይ ነው። በ1955 በፈረንሳይ በለ ማን ውድድር ከ80 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ በ1957 የሚሌ ሚልያ ውድድር ተመልካቾችን ጭምር በመፍጀቱ ሲታገድ፣ እሽቅድምድም ያለ አደጋ ሊሆን አይችልም የሚለው አስተሳሰብ አልተለወጠም ነበር። በጁን 1966 በቤልጂየም ስፓ በዝናብ መኪናው ከመንገድ የወጣበት ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት፣ በፈሰሰ ቤንዚን ተነክሮ ከመኪናው የሚያወጣው ሰው ሲያጣ ከቆየ በኋላ፣ ለአሽከርካሪ ደህንነት ሲል በሜዳዎቹ ላይ ጠባቂ ሐዲድ፣ ሐኪምና የእሳት ማጥፊያ እንዲኖር ዘመቻ ጀመረ። ጄንኪንሰን ይህን ዘመቻ በመጽሔቱ ላይ በብርቱ ቃል ነቀፈው፤ አደጋውን ማስወገድ ስፖርቱን ማስወገድ ነው፣ ፍርሃት ያለበት አይወዳደር ባይ ነበር። በ1968 ጂም ክላርክ፣ በ1970 ዮኸን ሪንት በውድድርና በልምምድ ላይ ከሞቱ በኋላ ይህን ማለት የማይቻል ይመስላል፤ እርሱ ግን አለ። ክላርክን፣ ኋላም ዢል ቪልኔቭንና አይርተን ሴናን ያደነቀ ሰው፣ የሚወዳቸውን ሰዎች የሚያተርፍ ነገር ለምን ተቃወመ? መልሱ በሚሌ ሚልያ መኪና ውስጥ ያለ ይመስላል። ጄንኪንሰን ሕይወቱን በሞስ እጅ ላይ የጣለባት ቀን የሕይወቱ ከፍተኛ ቀን ስለነበረች፣ አደጋን ከጀግንነት መለየት አልቻለም፤ እርሱ ግን በውድድር መኪና ውስጥ የተሳፈረው ጥቂት ጊዜ ነው፣ ስቱዋርት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ይነዳ ነበር። ስቱዋርት ትክክል ነበር፤ የመጽሔቱም ገጾች ይህን አለማየታቸው ከታላቅ ጉድለታቸው ይቆጠራል።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ «ሞተር ስፖርት» ቀስ በቀስ ከዘመኑ ጋር የሚጣላ መጽሔት ሆነ። ፎርሙላ 1 የሲጋራ ኩባንያዎች ቀለም፣ የቴሌቪዥን መብትና የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች ዓለም ሲሆን፣ ተወዳዳሪ መጽሔቶችም በቀለም ፎቶግራፍ ሲያብረቀርቁ፣ ቦዲና ጄንኪንሰን ግን በደቃቅ ፊደላቸው ቀጠሉ። የድሮው አንባቢ አልተዋቸውም፤ አዲሱ ወጣት ግን ወደ ሌሎቹ ሄደ። ቦዲ በ1991 የአዘጋጅነቱን ወንበር ሲለቅ መስራች አዘጋጅ የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት ጽሑፉን ቀጠለ፤ ብሩክላንድስም በዚያው በ1991 ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ። ጄንኪንሰን በኖቬምበር 1996 ሞተ። መጽሔቱም ሃይማርኬት ወደተባለው ትልቅ አሳታሚ ድርጅት እጅ ገብቶ፣ ገጾቹ ሰፍተው፣ ፎቶግራፉ በዝቶ፣ ለታሪክ የሚሰጠው ቦታ ግን ሳይቀንስ ታደሰ፤ ይልቁንም ባለፈው ዘመን ውድድር ላይ የሚያተኩር መሆኑን ከዚህ በኋላ እንደ ዋነኛ መለያው አድርጎ ያዘው።

በ2006 መጽሔቱ እንደገና ባለቤት ለወጠ። ከ1924 ጀምሮ የታተሙት እትሞች በሙሉ በዲጂታል መልክ ተሰናድተው ለተመራማሪ ሲቀርቡ፣ በጦርነቱ ዘመን «የያዝኳቸው መኪኖች» ብለው የጻፉት መኮንኖችና መካኒኮች ሁሉ፣ የአብዛኞቹ መኪና ዝጎ ከጠፋ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ሊነበቡ ቻሉ። ቦዲ በዌልስ ኮረብታ ባለው ቤቱ ሆኖ በጽሕፈት መኪናው ዓምዱን መጻፉን ቀጠለ፤ የዓይኑ ብርሃን እየደከመ፣ እጁ እየዛለ ሲሄድም አላቋረጠም። በጁላይ 2011 በ98 ዓመቱ ሲሞት የመጀመሪያ ጽሑፉ በመጽሔቱ ላይ ከወጣ 81 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ዛፍ ከተተከለበት ከብሩክላንድስ የጥምዝ ግድግዳ የቀረው ክፍልም፣ ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ በዌይብሪጅ አጠገብ ቆሞ ይታያል።